ደፍሮ መግባት፣ አልቅሶ መቀበል

ክርስቲያን ገና ከጅምሩ ሁለት ነገር ይነገረዋል። አንደኛው «ወደ እግዚአብሔር በድፍረት ቅረብ፤ ለምን፤ ይሰጥሃል» የሚል ነው። ሁለተኛው «መከራ ሲመጣብህ አትደነቅ፤ ተቀበል፤ ታገሥ» ይላል። ሰላም በሆነ ቀን ሁለቱ አብረው ያድራሉ። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ይዞ ፊቱን ሲያጠቁር፣ ወይም ቤት የተመሠረተበት ገቢ ድንገት ሲቋረጥ ግን ይጋጫሉ። ልለምን ወይስ ዝም ብዬ ልቀበል? አጥብቄ ብለምን ፈቃዱን መቃወም አይሆንብኝም? ዝም ብልስ እምነት ማጣት አይደለም?

ብዙ ሰው ጭንቁን የሚገላገለው ከሁለቱ አንዱን በመጣል ነው። አንዱ ወገን መከራ በአማኝ ቤት ቦታ የለውም ይልና በመጣ ቁጥር ይገሥጸዋል፣ ያዝዘዋል፤ አልሄድ ሲለው ደግሞ የራሱን እምነት መመርመር ይጀምራል። ሌላው ወገን ገና አፉን ሳይከፍት «ፈቃዱ ይሁን» ብሎ ይዘጋዋል። ይህ ሁለተኛው መንፈሳዊ ስለሚመስል ማንም አያርመውም። እኔ ግን ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። ብዙ ጊዜ ትሕትና መስሎ የተቀመጠ ኩርፊያ ነውና። አፍ «እሺ» ብሎ ልብ የራቀበት እሺታ።

ጳውሎስ በሮሜ 5 መጀመሪያ ላይ ነገሩን ያስቀመጠበትን ቅደም ተከተል ልብ ማለት ይጠቅማል። ቁጥር 1 ላይ ከእግዚአብሔር ጋር ሰላም አለ። ቁጥር 2 ላይ ወደ ቆምንበት ጸጋ መግባት አለ። መከራ የሚነሣው ከዚያ በኋላ፣ ቁጥር 3 ላይ ነው። ትዕግሥት፣ ፈተናና ተስፋ እየተያያዙ የሚመጡትም አስቀድሞ ለገባ ሰው ነው። ገና ደጅ ቆሞ «ይፈቀድልኝ ይሆን?» እያለ ያለ ሰው መከራ ሲደርስበት የሚያነብበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አልተፈቀደልኝም»። ስለዚህ መከራን ስለ መቀበል ከመነጋገር በፊት ስለ በሩ መነጋገር ግድ ነው።

በሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ለማየት ዘሌዋውያን 16ን ቀስ ብሎ ማንበብ ነው። ምዕራፉ የሚከፈተው የአሮንን ሁለት ልጆች ሞት በማስታወስ ነው። ናዳብና አብዩድ ያልታዘዘ እሳት ይዘው ቀርበው በዚያው ቀርተዋል። ከዚያ በኋላ አሮን በፈለገው ጊዜ ከመጋረጃው ወዲያ እንዳይገባ ተነገረው። የሚገባው በዓመት አንድ ቀን፣ በሰባተኛው ወር በ10ኛው ቀን ነው። ገላውን ይታጠባል። ያጌጠውን የክህነት ልብስ ትቶ ተራ የበፍታ ልብስ ይለብሳል። ለሕዝቡ ከመቆሙ በፊት ለራሱና ለቤተ ሰቡ ኃጢአት ወይፈን ያርዳል። ከመሠዊያው ፍም የሞላበት ጥናና ሁለት እፍኝ የላመ ዕጣን ይዞ ይገባል፤ ጢሱ የስርየት መክደኛውን፣ ማለትም የታቦቱን ክዳን፣ ካልሸፈነው ይሞታል። ደሙን በጣቱ በመክደኛው ላይ፣ ከፊቱም ሰባት ጊዜ ይረጫል። ከዚያ ወጥቶ ስለ ሕዝቡ የታረደውን ፍየል ደም ይዞ እንደገና ይገባል። እርሱ በውስጥ ሳለ በድንኳኑ ሌላ ማንም አይገኝም።

አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ የሌላ ደም፣ በጢስ ተጋርዶ። ያ ሁሉ አልፎም በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ይጀመራል።

የድንኳኑን ዕቃዎች ብንቆጥር ታቦቱ አለ፣ የኅብስቱ ገበታ አለ፣ መቅረዙ፣ የዕጣኑ መሠዊያ፣ በደጅ የሚቃጠለው መሥዋዕት መሠዊያና የመታጠቢያው ሰን አሉ። ካህኑ የሚያርፍበት መቀመጫ ግን የለም። የዕብራውያን ጸሐፊ በምዕራፍ 10 የሚይዘው ይህንኑ ነው፤ ካህን ሁሉ ዕለት ዕለት ቆሞ ያንኑ መሥዋዕት ደጋግሞ ያቀርባል፣ ክርስቶስ ግን አንዱን መሥዋዕት ካቀረበ በኋላ ተቀመጠ። ከዚህ ተነሥቶ ነው «ወንድሞች ሆይ፣ ወደ ቅድስት ለመግባት ድፍረት አለን» የሚለው። ድፍረቱ የቆመው እርሱ በመቀመጡ ላይ እንጂ እኛ ዛሬ ጠዋት እንዴት እንደ ተነሣን ላይ አይደለም። ክርስቶስ ሲሞት የቤተ መቅደሱ መጋረጃ በተቀደደበት ጊዜም ማቴዎስና ማርቆስ ከላይ እስከ ታች መቀደዱን ለይተው ጽፈዋል።

እንግዲህ ድፍረት ሲባል የተፈጥሮ ጀግንነት ወይም የተናጋሪነት ጉዳይ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ሰው ድምፁ እየተንቀጠቀጠ በድፍረት ሊቀርብ ይችላል። ይህ ድፍረት በተግባር የሚበላሽባቸው መንገዶች ግን አሉ።

ዋነኛው ድፍረቱን በቀኑ ውሎ መለካት ነው። ጸሎቱን ያደረሰ፣ ያልተቆጣ፣ ያልዋሸ ቀን ከሆነ ሰውየው ማታ ቀና ብሎ ይገባል፤ ቀኑ ከተበላሸ ግን «ዛሬስ በምን ዓይኔ» ይልና ለነገ ያሳድረዋል። ራስን መመርመሪያው ቀላል ነው፦ ካጠፋሁ በኋላ ተመልሼ ለመጸለይ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብኛል? ሦስት ቀን ከሆነ፣ በእነዚያ ሦስት ቀናት የማደርገው ራሴን በራሴ ማንጻት ነው፤ ቅጣቴን ጨርሼ ልገባ። ዕብራውያን 4፥16 ግን ወደ ጸጋው ዙፋን የሚጠራው «በሚያስፈልገን ጊዜ» ነው፤ የሚሰጠውም መጀመሪያ ምሕረት፣ ቀጥሎ የሚረዳ ጸጋ ነው። ምሕረት የሚያስፈልገው ላጠፋ ሰው ነው። ታጥበን የምንመጣ ከሆነ ምሕረቱን ምን ልናደርገው ነው? ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፤ ባጠፋንበት ሰዓት፣ ባለንበት ቦታ፣ ጥፋቱን በስሙ ጠርቶ መናገር። ሰው ከተበደለ ደግሞ ካሣውን በማግሥቱ መጀመር። ልብ ከዚያ በኋላም የሚከስስ ከሆነ 1ኛ ዮሐንስ 3፥20 እግዚአብሔር ከልባችን ይልቅ ታላቅ ነው ይላል፤ ልብም ይግባኝ የሚባልበት ችሎት አለው ማለት ነው።

ሁለተኛው ብልሽት ድፍረትን ውጤት ማዘዝ አድርጎ መውሰድ ነው። በማቴዎስ 8 ላይ ያለው ለምጻም «ብትወድስ ልታነጻኝ ትችላለህ» አለ። በዳንኤል 3 ላይ ሦስቱ ወጣቶች እሳቱ ፊት ቆመው አምላካችን ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ «ባያድነንም» ብለው ጨመሩ። ሁለቱም ጋ ችሎታው አልተጠረጠረም፣ ውሳኔውም አልተነጠቀም። የተሰጠን የመግባት ድፍረት ነው፤ ምን እንደሚወሰን አስቀድሞ የማወቅ መብት አይደለም። ይህን ሳይለዩ ለታመመ ሰው «እምነትህ ቢጸና ትነሣ ነበር» የሚሉ ሰዎች በአልጋው ላይ ሌላ ሸክም ጭነው ይሄዳሉ።

የሐዋርያት ሥራ 12 ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በአንድ ምዕራፍ፣ በአንድ ንጉሥ ዘመን፣ ያዕቆብ በሰይፍ ተገደለ፤ ጴጥሮስን ግን መልአክ ከወኅኒ አወጣው። የያዕቆብ እምነት አነሰ የሚል ፍንጭ የለም። ደግሞም ስለ ጴጥሮስ አጥብቀው ይጸልዩ የነበሩት ሰዎች እርሱ ራሱ መጥቶ በር ሲያንኳኳ አላመኑም፤ መምጣቱን የነገረቻቸውን ሮዴ የምትባል ልጅ «አብደሻል» አሏት። የተሰማው ጸሎት የተጸለየው እንግዲህ መልሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ እያለ በሚከራከሩ ሰዎች ነው። ይህ ለብዙዎቻችን የሚያጽናና ነገር ነው። ዕብራውያን 11ም እንዲሁ ነው፤ በእምነት ከሰይፍ ስለት ያመለጡትን ከጠቀሰ ከጥቂት መስመር በኋላ በእምነት በሰይፍ የሞቱትን ይጠቅሳል።

ሦስተኛው፣ መከራውን ራሱን በሩ ለመዘጋቱ ማስረጃ ማድረግ ነው። የአስቴር መጽሐፍ 4፥11 የምድር ንጉሥ አሠራር ምን እንደሚመስል ይነግረናል፤ ሳይጠራ የገባ ይሞታል፣ የወርቁ ዘንግ ካልተዘረጋለት በቀር። አስቴር ንግሥት ሆና ሳለች ለ30 ቀን አልተጠራችም ነበር፤ አለመጠራቷም አስፈራት። እኛም መልስ የዘገየበትን ወር እንዲሁ እንቆጥረዋለን። ኢየሱስ ግን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ሲባል እርሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎችም ከሌሎቹ የባሱ ኃጢአተኞች አለመሆናቸውን ተናገረ። ማንም የራሱን መከራ ወይም የጎረቤቱን ወደ ኋላ እየቆጠረ ምክንያት የማግኘት ሥልጣን አልተሰጠውም።

አሁን ወደ መቀበሉ እንምጣ። መቀበል ምን እንደሚመስል በቅርብ የሚታየው በጌቴሴማኒ ነው፤ ማርቆስ 14 ከቁጥር 32 ጀምሮ። ኢየሱስ መጀመሪያ ያደረገው ሰው መያዝ ነው። ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ወሰደ። ቀጥሎ ያለበትን ሳይሸፋፍን ነገራቸው፤ ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች አለ። ከዚያ ጥቂት እልፍ ብሎ በምድር ላይ ወደቀ። ጸሎቱ አጭር ነው፤ አራት ነገር ግን ይዟል። «አባ አባት ሆይ» ይላል፤ ይህ ዝምድናው ነው። «ሁሉ ይቻልሃል» ይላል፤ የሚያመነው። «ይህችን ጽዋ ከእኔ ውሰድ» ይላል፤ በግልጽ የሚፈልገው። በመጨረሻ የአብ ፈቃድ እንጂ የራሱ እንዳይሆን ይላል፤ ማስረከቡ ነው። አራተኛው ሦስተኛውን አልሰረዘውም። «ጽዋውን ውሰድ» ማለት ኃጢአት ቢሆን ኖሮ እርሱ ባላለውም።

ደግሞም አንድ ጊዜ ብሎ አልተነሣም። ማቴዎስ ሦስት ጊዜ ያንኑ ቃል ደግሞ እንደ ጸለየ ይጽፋል። በየመካከሉ እየተነሣ ወደ ተኙት ደቀ መዛሙርት ይመላለስ ነበር። ሉቃስ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ እንደ ነበረ ይናገራል። «ተነሡ እንሂድ» የሚለው የተረጋጋ ድምፅ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የእግዚአብሔር ልጅ እዚያ ለመድረስ ጊዜና ልቅሶ ከፈጀበት፣ እኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር ደርሰናል ስንል ያልደረስን መሆናችንን ብንጠረጥር ይሻላል። ዕብራውያን 5፥7 ይህን ልቅሶ ጠቅሶ «ተሰማለት» ማለቱ ደግሞ ያስደንቃል። ተሰማለት፣ ተሰቀለም። መሰማትና ከመከራው መዳን አንድ ነገር ቢሆኑ ኖሮ ይህ ቃል ሊጻፍ ባልቻለ ነበር።

እዚህ ላይ «እንዲህ ማልቀስና ማጉረምረም በምን ይለያል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በምድረ በዳ ያጉረመረሙት ሰዎች ተቀጥተዋልና ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ልዩነቱ ግን የቃሉ ምሬት ላይ አይደለም፤ የኢዮብ ቃል ከእስራኤላውያኑ ይልቅ ይመርራል። ዘዳግም 1፥27 ሕዝቡ ያጉረመረሙት በድንኳኖቻቸው ውስጥ እንደ ነበረ ይናገራል፤ «ስለ ጠላን ነው ከግብፅ ያወጣን» እየተባባሉ። ሐሜት ነበር። እግዚአብሔርን በሌለበት አሙት፣ የሌለበት ቦታ ያለ ይመስል። ኢዮብ ግን ያንኑ ምሬት ይዞ ፊቱን ወደ እርሱ አዞረ፤ ባገኘው ኖሮ ሙግቴን በፊቱ ባቀረብሁ አለ። ምሬቱን «እርሱ» እያሉ ለሰው ከማውራት «አንተ» ብሎ ለእግዚአብሔር ለራሱ ወደ መንገር ማዞር ማጉረምረሙን አቤቱታ ያደርገዋል።

አቤቱታ ደግሞ ሥርዓት አለው። ከ150ው መዝሙራት ሲሶ ያህሉ እንዲህ ያለ አቤቱታ ነው። ለመለማመድ የሚመቸው አጭሩ መዝሙር 13 ነው (በግእዙ አቆጣጠር 12)። ስድስት ቁጥር ብቻ ሲሆን ሁለት ሁለት እየሆነ ይከፈላል። ቁጥር 1 እና 2 ላይ አራት ጊዜ «እስከ መቼ» ይላል። ቁጥር 3 እና 4 ላይ ይለምናል፤ «ዓይኖቼን አብራ» ብሎ ምክንያቱን ይጨምራል፦ እንዳልሞት፣ ጠላቴም አሸነፍሁት እንዳይል። ቁጥር 5 እና 6 ላይ «እኔ ግን በምሕረትህ ታመንሁ» ይላል።

ይህን ወደ ራስ ጸሎት ማምጣት ሩብ ሰዓት ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። ብቻን ሆኖ፣ ከተቻለ ድምፅ አውጥቶ ወይም ጽፎ ማድረጉ ይሻላል፤ በልብ ብቻ የሚደረግ ጸሎት በተጨነቀ ሰው ላይ ቶሎ ወደ ሐሳብ መንጎድ ይለወጣል። መጀመሪያ ያመመውን ነገር በስሙ መጥራት። «ችግሬን ታውቀዋለህ» አይበቃም፤ ያውቀዋል፣ ግን መንገር ያለብን እኛ ነን። «ልጄ ከቤት ከወጣ ስድስት ወር ሆነው፤ አንተም ዝም ብለሃል» ይባል። እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ሦስት ወይም አራት ይበቃል። ከዚያ ልመናውን አንድ አድርጎ መለየት፤ የሚፈጸም ከሆነ መፈጸሙ የሚታወቅ ልመና ይሁን። «ባርከኝ» ተፈጸመ አልተፈጸመ አይታወቅም፤ «እንዲደውልልኝ አድርግ» ግን ይታወቃል። ለምን እንደምንለምንም መናገር ይገባል፤ መዝሙረኛው ምክንያት ከመስጠት አላፈረም። በመጨረሻ የሚታመንበትን አንድ ነገር መናገርና ውሳኔውን ማስረከብ። ከዚያ «አሜን» ብሎ መነሣት።

ሰዎች የሚሰናከሉባቸው ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንዱ ከቁጥር 1 ቀጥ ብሎ ወደ ቁጥር 5 መዝለል ነው፤ ልቅሶውም ልመናውም ይቀርና ምስጋናው ከአንገት በላይ ይሆናል። ሌላው ቁጥር 1 እና 2 ላይ ተተክሎ መቅረት ነው፤ ሰውየው አንድ ሰዓት ሙሉ «ለምን እኔን?» እያለ ይዞርና ምንም ሳይለምን ይነሣል። ከዚያ በኋላ ከመጀመሪያው ይልቅ ይደክመዋል፤ ጸሎት ያደከመው ይመስለዋል፣ ያደከመው ግን ያልጨረሰው ጸሎት ነው። እንዲህ ለሚሆንበት ሰው ደቂቃ መወሰን ይረዳዋል፤ አምስት ደቂቃ ለልቅሶው፣ ከዚያ ወደደም ጠላም ወደ ልመናው።

መተማመኑ ሳይመጣ ቢቀርስ? የሚቀርበት ቀን አለ። መዝሙር 88 (በግእዙ 87) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨለማ ነው፤ «እኔ ግን ታመንሁ» የሚል መዞሪያ የለውም። እንዲህም ሆኖ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተቀምጧል። አንዳንድ ማታ እዚያ ላይ ማቆም ይፈቀዳል። በስሜት ያልመጣውን በጉልበት ማምጣት አያስፈልግም፤ በሚቀጥለው ቀን መመለስ ብቻ ነው የሚፈለገው። ስእለት ግን በዚህ ሰዓት ባይሳል ይመረጣል። በጭንቅ የተነገረ ስእለት ዮፍታሔን ልጁን እስከ ማሳጣት እንዳደረሰው በመሳፍንት 11 ተጽፏል፤ መክብብ 5ም ተስሎ ካለመክፈል አለመሳል ይሻላል ይላል።

ሌላው መለየት ያለበት ነገር የትኛውን መከራ እንደምንቀበል ነው። «መከራ ነውና ተቀበል» የሚል ምክር በደፈናው ሲነገር ጉዳት ያደርሳል። በራስ ጥፋት የመጣ መከራ መስቀል አይባልም፤ 1ኛ ጴጥሮስ 4፥15 ነፍሰ ገዳይ ወይም ሌባ ሆኖ መከራ የሚቀበል አይኑርባችሁ ይላል። የዚህ መፍትሔው ንስሐና ማስተካከል ነው። በሽታ ሲሆን ይጸለያል፣ ይታከማል፤ ያዕቆብ 5 ሽማግሌዎችን መጥራት ያዝዛል፣ ጳውሎስም ጢሞቴዎስ ለሆዱ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሯል። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚበላሸው ግን ሰው በሰው ላይ የሚያደርሰው በደል ላይ ነው። የምትደበደብ ሚስት፣ በአሠሪው የሚዘረፍ ሠራተኛ «መስቀልህን ተሸከም» ሲባሉ እንሰማለን። ጳውሎስን እንይ። አምስት ጊዜ አንድ ሲጎድል አርባ ግርፋት፣ ሦስት ጊዜ በበትር መመታት፣ አንድ ጊዜ መወገርና ሦስት ጊዜ የመርከብ መሰበር የደረሰበት ሰው ነው፤ ስለዚህ መከራ አይችልም አይባልም። እርሱ ግን በደማስቆ በቅርጫት በቅጥር ወርዶ አመለጠ። በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ገርፈው በስውር ሊለቁት ሲሉ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። በኢየሩሳሌም ሊገርፉት ሲያስሩት ሮማዊነቱን ተናገረ። በሮማዊው ገዥ በፊስጦስ ፊት ይግባኙን ወደ ቄሣር አለ። ኢየሱስም ሰዓቱ ሳይደርስ ሊወግሩት ሲሉ ተሰውሮ ወጥቷል፤ ደቀ መዛሙርቱንም በአንዲቱ ከተማ ሲያሳድዷችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ ብሏቸዋል። እንግዲህ ማምለጥ የሚቻል ከሆነ ማምለጥ፣ ሕግ ካለ ወደ ሕግ መሄድ መከራን ከመቀበል ጋር አይጣላም። በቤቷ የምትደበደብ ሴት ልጆቿን ይዛ ደኅና ቦታ ብትሄድ መስቀሏን አልጣለችም።

በሁለተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ ሞተው የሰምርኔስ ጳጳስ ስለ ፖሊካርፖስ ቤተ ክርስቲያኒቱ የጻፈችው ደብዳቤ ይህን ልዩነት በሁለት ሰዎች ያሳያል። ቊንጦስ የተባለ የፍርግያ ሰው ማንም ሳይፈልገው ራሱን አሳልፎ ሰጠ፤ ሌሎችንም አነሣሣ፤ አራዊቱን ሲያይ ግን ፈርቶ ካደ። ደብዳቤው ራሳቸውን አሳልፈው የሚሰጡትን አናመሰግንም ይላል። ፖሊካርፖስ ሲፈለግ ወዳጆቹ ሲለምኑት ከከተማ ወደ አንድ እርሻ ወጣ፤ ሲከታተሉት ወደ ሌላ ተዛወረ። በዚያም በደረሱበት ጊዜ ገና ሊያመልጥ ይችል ነበር፤ ግን አልወደደም፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን አለ። ሊይዙት ለመጡት ሰዎች የሚበላና የሚጠጣ አስቀረበላቸው፣ አንድ ሰዓት ለመጸለይ ፈቃድ ጠየቀ፣ ቆሞ ሁለት ሰዓት ጸለየ። ድፍረቱና መቀበሉ አንድ ላይ የታዩበት ሰው ይህ ነው።

እስከ መቼ ይለመን? ቁጥር የለውም። ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ ያቆመው ሦስት ስለ ሞላ ሳይሆን መልስ ስለ መጣለት ነው፦ «ጸጋዬ ይበቃሃል»። በሉቃስ 18 ያለችው መበለት ደግሞ እስኪፈረድላት አላቆመችም። መልሱ እስካልመጣ ወይም ነገሩ እስካልተዘጋ ድረስ ልመናው ክፍት ነው። መዘጋቱን የሚያሳየው ዳዊት ነው፤ በ2ኛ ሳሙኤል 12 ልጁ በሕይወት ሳለ በምድር ላይ ተኝቶ ጾመ፣ ለመነ። በሰባተኛው ቀን ልጁ ሲሞት ተነሥቶ ታጠበ፣ ተቀባ፣ ልብሱን ለወጠ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ፣ ከዚያ በላ። አገልጋዮቹ ግራ ገባቸው። ይህን ግን የሐዘን መለኪያ አድርጎ በሰው ላይ መጫን አይገባም፤ ያው ዳዊት ስለ አቤሴሎም ሰውን እስኪያስጨንቅ አልቅሷል።

ለረጅም ጊዜ የሚታገሥ ሰው ሥጋውንም ማሰብ አለበት። ኤልያስ በ1ኛ ነገሥት 19 ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ ስብከት አልሰጠውም፤ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ ተመልሶ ሲተኛም ቀስቅሶ ደግሞ አበላው። እግዚአብሔር «ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ከእንቅልፉ፣ ከምግቡና ከረጅሙ መንገድ በኋላ ነው። ለሳምንታት እንቅልፍ የጠፋበት፣ ምግብ አልበላ ያለው ሰው ከአዲስ የጸሎት መርሐ ግብር በፊት እንቅልፍና ሐኪም ያስፈልገዋል። ራስን የመግደል ሐሳብ የሚመላለስበት ከሆነ ደግሞ ብቻውን አይጸልይ፤ ያንኑ ዕለት ለሚያምነው ሰውና ለሐኪም ይንገር።

በሌላ ሰው መከራ አጠገብ የምንቆም ሰዎችም ድርሻ አለን። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በምድር ላይ አብረውት ተቀምጠው አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ የተሳሳቱት ከምዕራፍ 4 ጀምሮ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። የተናገሩት ተነጥሎ ሲነበብ ብዙው ደህና ትምህርት ይመስላል። ሆኖም በምዕራፍ 42 እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው፤ ቅን ነገር ተናገረ የተባለው ሲጮህ የሰነበተው ኢዮብ ሆነ። ለኢዮብም ቢሆን መከራው ለምን እንደ መጣ አልተነገረውም፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች የምናውቃቸው እኛ ነን። ስለዚህ «ለበጎ ነው» የምትለዋን ቃል ቤት ትቶ መሄድ ይሻላል፤ መከራው የደረሰበት ሰው ራሱ አንድ ቀን ቢላት ከእርሱ አፍ ታምራለች።

ስንጠይቀው «ምን ተብሎ እንዲጸለይልህ ትፈልጋለህ?» ማለትና ያለውን ያንኑ፣ ሳያስተካክሉ፣ እዚያው በሁለት ደቂቃ መጸለይ ይበቃል። መጸለይ ካልቻለ ፈቃዱን ጠይቆ መዝሙር 13ን ወይም 88ን ማንበብ ይቻላል። «አሜን» ባይልም አይገደድ። ስንሄድም «የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ደውል» ከማለት በየትኛው ቀንና በስንት ሰዓት እንደምንመለስ ነግረነው እንሂድ፤ በደከመ ሰው ላይ የመደወሉን ሥራ አንጨምርበት።